መልስ፦ ጥልፍ ከምን ልጀምር ላልሽው

እህቴ፣ «ከሥራ መልስ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ጥልፍ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ከምን ልጀምር? ክሩስ ለምን ይወሳሰብብኛል?» ብለሻል። ከክሩ ልነሳ።

አስረዝመሽ እየቆረጥሽ ይሆናል። መርፌ ውስጥ ደጋግሞ ማስገባት ስለሚሰለች ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን። ከጣትሽ ጫፍ እስከ ክርንሽ ይበቃል። የተለመደው የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ለትንንሽ አበባ 2ቱን ብቻ ተጠቀሚ። ስትለያቸው አንድ በአንድ ምዘዣቸው፣ አንድ ላይ ከሳብሻቸው አለቀልሽ። እየሰፋሽ ከተጠማዘዘ ደግሞ መርፌውን ቁልቁል ልቀቂው። ተንጠልጥሎ እየዞረ ራሱ ይፈታል። (እኔ ይሄን ማየት ብቻ ደስ ይለኛል።)

ለጨርቅ አቡጀዲ ምን አለው? መርካቶ ክሩንም ጨርቁንም በአንድ ዙር ታገኛለሽ። ብቻ ከመስፋትሽ በፊት እጠቢው፤ ጥጥ ይሰበሰባል። ቀይ ክር ከሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርገሽ ሞክሪው። እኔ ሳልሞክር የጠለፍኩት የስኒ መሸፈኛ በመጀመሪያው እጥበት ሮዝ ሆኖ ቀረ። አሁንም ረከቦቱ ላይ ነው። እንግዳ ሲጠይቅ «ዲዛይኑ ነው» እላለሁ።

የጠረጴዛ ልብስ ግን አሁን አትጀምሪ። የኔ ተጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓመቱ። የስኒ መሸፈኛ ጠርዝ ላይ ሦስት አበባ ጀምሪ። እኔ አራት ኪሎ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ሳይመሽ፣ ቡናው እስኪፈላ አንዷን እጨርሳለሁ።