በአይሁድ መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተምሩት እነማን ናቸው? ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ አንድ ምኩራብ በሚያስተዳድረው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ከረዳትነት ተነሥቼ ዋና መምህርት ሆኛለሁ። አይሁዳዊት አይደለሁም፤ ያደግሁት ደሴ ነው፣ ዲፕሎማዬም ከኮተቤ ነው። ልጃቸውን የሚያስመዘግቡ ወላጆችም ሆኑ ሥራ የሚያመለክቱ እህቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ እዚያ የሚያስተምረው ሰው ከየት የመጣ፣ ምንስ የተማረ ነው? ጠይቁኝ ብዬ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ቦታ ያገኘሁት በአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ ነው። መምህራኑ በሙሉ አይሁድ ናቸው? እኛ ክርስቲያኖች ነንና ልጄ ባይተዋር እንዳትሆን ሰጋሁ።

በሙሉ አይደሉም። እኔ ባለሁበት መተላለፊያ ላይ ያሉትን ክፍሎች ብቻ ብንቆጥር፣ ባሏን ሥራ አሜሪካ ስላመጣው አብራ የመጣች እስራኤላዊት፣ ከፔሩ የመጣች ካቶሊክ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች አይሁዳዊት እና እኔ አለን። ልጆቹም እንዲሁ ድብልቅ ናቸው።

ነገሩ እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። በማኅበረሰብ ማዕከላትና ከኦርቶዶክሶቹ ለዘብ ያሉ ወገኖች በሆኑት በሪፎርም ወይም በኮንሰርቫቲቭ ምኩራቦች ሥር ባሉት ውስጥ አይሁድ ያልሆነች መምህርት የተለመደች ናት። በአይሁድ ኦርቶዶክስ ትምህርት ቤቶች ግን አብዛኞቹ መምህራን የራሳቸው ወገን ናቸው፤ ብዙዎቹም ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው በሴቶች የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም እስራኤል ሄደው የተማሩ ናቸው። ሐባድ በሚባለው የአይሁድ ኦርቶዶክስ ንቅናቄ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ርእሰ መምህሯ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ረቢ ባለቤት ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሃይማኖት ተቋም የራሱን እምነት ተከታይ መርጦ እንዲቀጥር ይፈቅዳል። ስለዚህ «አይሁዳዊት እንፈልጋለን» ቢሉ ሕግ አልጣሱም። ብዙዎቹ ግን በዚህ መብት አይጠቀሙም፤ ጥሩ የሕፃናት መምህርት እንደ ልብ አትገኝማ!

ጥያቄ፦ መንግሥት የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃ ምንድን ነው? ትምህርት ቤቱ የሃይማኖት ስለሆነ ነፃ ነው የሚሉም አሉ።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ነፃ ነው ብለሽ አትነሺ፣ እህቴ። የመዋለያ ፈቃድ ያለው ተቋም በምኩራብ ምድር ቤትም ይሁን በገበያ አዳራሽ፣ የመምህራኑ መመዘኛ አንድ ነው። ለቅድመ መደበኛ መምህርት የ90 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ 45ቱ ሰዓት በሕፃናት እድገት ላይ፣ 45ቱ ደግሞ በክፍል ውስጥ በሚሠሩ ሥራዎች ላይ ነው። በዚያ ላይ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በረዳትነት መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው፦ እየሠራሽ ልምዱን ትቆጥሪያለሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ ትማሪያለሽ።

በመላው አሜሪካ የሚታወቀው ሲዲኤ የሚባለው የምስክር ወረቀት ነው። ከ1975 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ነው። 120 ሰዓት ትምህርት፣ 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የተሠራ ሥራ፣ የራስሽን ሥራ የምታሳዪበት ማኅደር፣ ክፍል ድረስ መጥቶ የሚታዘብ ባለሙያና ፈተና አለው። በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ዋሽንግተን ዲሲ ይበልጥ አጥብቋል፤ እዚያ በማዕከል ውስጥ ዋና መምህርት ለመሆን የ2 ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ፣ ለረዳትነት ደግሞ ሲዲኤ ይጠየቃል።

የጣት አሻራና የወንጀል ምርመራውንም ማንም አያመልጠውም፤ ምግብ አብሳይዋም ጭምር ትሰጣለች።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አለኝ። ይጠቅመኛል?

ይጠቅማል፣ ግን እንደምታስቢው አይደለም። ዲግሪሽን በውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሚ። ዋናው ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ይፈልጋሉ፤ አዲስ አበባ ሬጅስትራር ቢሮ የሚመላለስልሽ ዘመድ ከአሁኑ አዘጋጂ። ግምገማው ኮሌጅ መማርሽን ያረጋግጣል እንጂ የሕፃናት ትምህርቱን አይተካም፤ የ90 ሰዓቱን ሥልጠና መውሰድሽ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ዕብራይስጥ ካልቻልሁስ?

አያስፈልግም። ልጆቹ የሚዘምሯቸውን መዝሙሮች አብረሻቸው ታውቂያቸዋለሽ። ለዕብራይስጥና ለሃይማኖቱ ትምህርት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለብቻዋ የተቀጠረች መምህርት አላቸው፤ እሷ በየክፍሉ ትዞራለች።

ጥያቄ፦ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ሻማ አብርተው ይጸልያሉ ሲሉ ሰማሁ። አብሬ ልጸልይ ነው? ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?

አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ የእሳቸውን ቦታ አልወስድም። የሚሆነውን ግን ልንገርሽ።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹ ሐላ የሚባለውን የሰንበት ዳቦ ራሳቸው ይጎነጉናሉ። ከዚያ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሁለት ሻማ ይቀርባል (ለደኅንነት ሲባል ብዙ ጊዜ የእንጨት ወይም የባትሪ ነው)፣ በትንንሽ ኩባያ የወይን ጭማቂ ይቀዳል፣ ሳንቲም የሚጨመርበት የምጽዋት ሣጥን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቡራኬው በዜማ ይባላል፤ የሚመሩት አይሁዳዊቷ መምህርት፣ ረቢው ወይም ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ ኩባያ የምታስተካክል ረዳት ለምን አልዘመርሽም የተባለችበትን ቀን አላየሁም። አንዳንዶቻችን እንዘምራለን፣ አንዳንዶቻችን ዝም እንላለን።

የማይፈቀደው ሌላው ነው። የገናን ዛፍ፣ የትንሣኤን እንቁላል፣ የራስሽን ጸሎት ወደ ክፍል ማምጣት አይቻልም። ልጅ «አንቺ ሐኑካ (የአይሁድ የመብራት በዓል) ታከብሪያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ «እኔ በቤቴ ሌላ በዓል አከብራለሁ፣ እዚህ ግን ከአንተ ጋር ሐኑካን አከብራለሁ» ማለት ይበቃል። አዲስ ለሚገቡ መምህራን ይህን ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ፤ የማያስረዳ ትምህርት ቤት ካጋጠመሽ አንቺው ጠይቂ።

ለእኛ የሚቀለው ነገርም አለ። ኖኅን፣ አብርሃምን፣ ዮሴፍን፣ የዳስ በዓልን፣ አስቴርን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻንም። ከሌላ አገር መጥታ ሙሴ ማን እንደሆነ የማታውቅ ባልደረባ ስትጨናነቅ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ምሳ ይዤ መግባት እችላለሁ?

እንደ ትምህርት ቤቱ የኮሸር፣ ማለትም የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ሥርዓት ነው። ለዘብ ያሉት ሥጋ፣ አሣማና የባሕር ቅርፊት ለባሾች አይግቡ ይላሉ፣ ለውዝንም በአለርጂ ምክንያት ይከለክላሉ፤ የጾም ሽሮ እዚያ ማንንም አያስቸግርም። ጥብቅ የሆኑት ግን ከቤት የበሰለ ነገር ጨርሶ አያስገቡም። በፋሲካቸው ሳምንት ደግሞ ስንዴና ገብስ የነካው ሁሉ ስለሚከለከል፣ የተደባለቀ ዱቄት እንጀራ ቤትሽ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ አስተምሮ የመጣ ሰው የሚቸገረው ምኑ ላይ ነው?

በሃይማኖቱ አይደለም፣ በማስተማሪያ ዘዴው ነው። እኛ ጥቁር ሰሌዳ፣ ኅብረ ድምፅና የተሰለፈ ልጅ ነው የምናውቀው። እዚህ ብዙዎቹ የአይሁድ መዋዕለ ሕፃናት ሬጂዮ ኤሚሊያ የሚባለውን መንገድ ይከተላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያች የጣሊያን ከተማ ወላጆች በሠሯቸው ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ፣ ሎሪስ ማላጉዚ በሚባል መምህር የዳበረ ነው። ልጁ ጠያቂ ነው፣ መምህሯ ታዛቢና መዝጋቢ ናት።

ወደ ሐላው ልመለስ። የ3 ዓመት ልጅ ሦስት ድብልብል ሊጥ ፊቱ ተደርድሮ መጎንጎን አቅቶታል። አንዱን ይደፈጥጠዋል፣ ሁለቱን ያጣብቃል፣ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። አዲስ የገባች ረዳት፣ በተለይ አገር ቤት ሹሩባ ስትሠራ ያደገች ልጅ፣ እጇ ፈጥኖ ይሄዳል፤ በአፍታ ጎንጉናለት ቆንጆ ዳቦ ይሆናል። ርእሰ መምህሯ ግን የምትፈልገው ያን አይደለም። «ይኼኛው ከየትኛው በላይ ይሂድ?» ብላ ጠይቃ የምትጠብቅ፣ የተናገረውን በማስታወሻ የምትይዝ፣ የተንጋደደውን ዳቦ ፎቶ አንሥታ ከራሱ ቃል ጋር ግድግዳ ላይ የምትለጥፍ ሰው ናት የምትፈልገው። ዝም ብሎ መጠበቅ ሥራ መሆኑን መቀበል ከዲግሪ በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያዊ ስለሆንሽ ቤተ እስራኤል ትመስያቸዋለሽ?

ሁልጊዜ! ስግድ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። ዮም ኪፑር ከሚባለው የማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል፣ እስራኤል በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ያደረገችው የቤተ እስራኤል በዓል ነው። በአሜሪካ ያሉ የአይሁድ ትምህርት ቤቶችም ማክበር ጀምረዋል። «አንቺ አስተምሪልን» ሲሉኝ የምመልሰው አንድ ነው፦ እንጀራ ጋግሬ አመጣለሁ፣ ስለ አገሩ እነግራችኋለሁ፤ በዓሉን ግን ባለቤቶቹ ይንገሯችሁ። ቄሶቹ ጥላ ይዘው ኢየሩሳሌም ላይ የሚቆሙበት ጸሎት የመናፈቅና የስደት ታሪክ አለው፤ እኔ በቆዳዬ ቀለም ልወክለው አይገባኝም። በዚህ አካባቢ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ተወላጆች ስላሉ ጋብዟቸው እላለሁ። ተጋብዘው መጥተውም ያውቃሉ፣ ልጆቹም ከእኔ የተሻለ ሰምተዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የምጽፈው ከነታንያ፣ እስራኤል ነው። እዚህ ጋነኔት እና ሳያዓት እያሉ ይለያሉ። አሜሪካም እንዲሁ ነው?

እናንተ ጋ ልዩነቱ የሰፋ ነው። ጋነኔት የትምህርት ኮሌጅ ተመርቃ የማስተማር ፈቃድ ያላት፣ የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ ናት። ሳያዓት፣ ማለትም ረዳቷ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀጠረው በከተማው አስተዳደር ነው። አንድ ክፍል እስከ 35 ልጅ ስለሚይዝ የረዳቷ ሸክም ቀላል እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ሃይማኖተኛ ከሆኑ ቤተሰቦች የወጡ ወጣት ሴቶችም በውትድርና ፈንታ ብሔራዊ አገልግሎታቸውን በእነዚህ ክፍሎች ይሰጣሉ። ከ3 ዓመት በታች ያሉት መዋያዎች ሌላ ዓለም ነበሩ፤ ኃላፊነታቸው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር የዞረው በ2022 ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች አንድ መምህርት ለ10 ልጅ፣ በክፍል ከ20 ልጅ አይበልጥም። ዋናዋም ረዳቷም የሚቀጠሩት በዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ረዳት የነበረች በ2 ወይም በ3 ዓመት ዋና ስትሆን ማየት የተለመደ ነው። ከእስራኤል የመጣችው ባልደረባዬ በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን አይታ «የቀሩት ልጆች የታሉ?» ብላለች።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ የመምህራኑን አጭር የሕይወት ታሪክ ከፎቶ ጋር አሳይቶናል። ሁሉም «ልጆችን እወዳለሁ» ይላል። ምኑን ልይ?

ልጆችን እወዳለሁ የሚለውን ዝለሉት፤ እጠላለሁ የሚል አይቀጠርም። የዲግሪውን ስምም ብዙ አትመልከቱት። በሥነ ጥበብ፣ በሕግ፣ በንግድ የተመረቁ፣ በኋላ ወደዚህ የገቡ ብዙ አሉ። አንድ የታወቀ መንገድ አለ፦ እናትየው ልጇን ታስመዘግባለች፣ መምህርት ስትቀር ትተካለች፣ ከዚያ ረዳት ትሆናለች፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሷ እዚያው ናት። እንዲህ ያለችውን አትናቋት። ከምርጦቹ መካከል ናት።

እኔ ልጄን የማስገባ ብሆን የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። በዚሁ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ቆየች? በሕፃናት ትምህርት የተለየ ሥልጠና አላት? ረዳቷስ ማን ናት? ወላጆች ሦስተኛውን ይረሱታል። ልጁ ሲያለቅስ የምታቅፈው፣ ሽንት ቤት የምትወስደው፣ ከሰዓት በኋላ ዋናዋ ስትወጣ አብራው የምትቆየው ረዳቷ ሆና ሳለ፣ ፎቶዋ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። በየዓመቱ ረዳት የሚለዋወጥበት ክፍል ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የመምህርቷ አይሁዳዊት መሆን ለበዓላቱ ይጠቅማል፣ ያንን ግን ትምህርት ቤቱ ለሌላዋም ማስተማር ይችላል፤ ትዕግሥትን ግን በስብሰባ አያስተምሩም።

ጥያቄ፦ ደኅንነቱስ?

በጥቅምት 2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ በሩ ላይ ጥበቃ፣ በቁልፍ የሚከፈት በርና በየጊዜው የሚደረግ ልምምድ አለ። ለልጆቹ እንደ ድብብቆሽ ጨዋታ ነው የሚነገራቸው። ቤተሰብሽ ቢሰጋ አትፍረጂባቸው፤ ሥራውን ከመቀበልሽ በፊት ግን አንድ ጠዋት ሄደሽ እዪው።

ጥያቄ፦ ክፍያውና በዓሉ?

ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያነሰ ነው፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ዲሲ ውስጥ በ2022 የተጀመረ የደመወዝ ማካካሻ ፈንድ አለ፤ ሜሪላንድም ዲሲም ካመለከትሽ ይህንን አስቢበት። ትምህርት ቤቱ ለአይሁድ በዓላት ሲዘጋ የሰዓት ሠራተኛ ይከፈላታል ወይ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሺ። በመስከረም ብቻ ብዙ ቀን ይዘጋል። ሮሽ ሃሻና፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ አንዳንድ ዓመት ከእንቁጣጣሽ ጋር ይቀራረባል፣ ያኔ ዕድለኞች ነን። ለገናና ለጥምቀት ግን ፈቃድሽን ቀድመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ምን ልልበስ? ምን ይጠይቁኛል?

ወለል ላይ ቁጭ ብድግ የሚያስብል ልብስ ልበሺ፤ የአይሁድ ኦርቶዶክስ ትምህርት ቤት ከሆነ ረጅም ቀሚስና ክንድ የሚሸፍን ይሁን። ጥያቄው አጭር ነው፣ ከዚያ ክፍል አስገብተው ከልጆች ጋር ያቆዩሻል። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አትጠብቂ። አሻንጉሊት የሚደረድር ልጅ ፈልጊና አጠገቡ ውረጂ። የሲዲኤ ወይም የ90 ሰዓት ወረቀት ካለሽ ቅጂውን ያዢ፤ ከሌለሽ መቼ እንደምትጀምሪ ቀን ቆርጠሽ ንገሪያቸው።