ስልኩ 25 ደቂቃ ይላል፣ ትኬቱ 55

«ስልኬ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። አውሮፕላኑ በሰዓት 600 ይበራል አሉኝ። ሳካፍለው 25 ደቂቃ መጣ። ትኬቱ ግን 16:40 ተነስቶ 17:35 ይደርሳል ይላል። ከዚያ ሐሙስ 22:45 ወደ ዱባይ፣ መድረሻ 03:50። 5 ሰዓት ሙሉ? እናቴን ነው እህቴ ጋ የምልካት። የቱን ልመን?» ይላል ከደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የጻፈልኝ ወንድማችን።

ትኬቱን እመን። ማካፈሉን አልተሳሳትክም። ግን ስልክህ የለካው በሁለቱ ከተሞች መሀል የተወጠረ ክር ነው። በመኪናማ በጣርማበር ዞሮ ደሴ ለመድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ ቦሌ ገብቶ እስኪቆም ነው። ያኮበኩባል፣ ይነሳል፣ ተራራውን ለማለፍ ይወጣል። በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄደው መሀል ላይ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ቦሌ ደግሞ ወረፋ አለ። እኔ ለእንዲህ ዓይነት አጭር በረራ ግማሽ ሰዓት እደምርበታለሁ። 25 ሲደመር 30፣ ያው 55።

16:40 የእኛ 10:40 ነው፤ 6 ቀንስበት። ደሴ ላይ ትኬት ስቆርጥ ብዙ ዓመቴ ነው። «07:40» የሚለውን የቀን 7:40 መስሏቸው ምሳ በልተው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። አውሮፕላኑ ጠዋት 1:40 ላይ ሄዷል!

እናትህ ከቤት 8 ሰዓት ይውጡ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ወይ አንድ ሲኖትራክ ከፊት ከገባ ኪሎ ሜትር መቁጠር ዋጋ የለውም።

«በ25 ደቂቃ ይደርሳሉ» ብለህ የአገር ውስጡን በረራ ወደ ኋላ እንዳትገፋው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ ከተቆረጡ ሻንጣቸውን ቦሌ ተቀብለው ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ይዘው ሄደው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። እዚያ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ይገኙ። 17:35 ከደረሱ ይህን ሁሉ ያለ ሩጫ ይጨርሳሉ።

የዱባዩ 5 ሰዓት ደግሞ 4 ነው። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዱባይ ሰዓት ይጻፋል፤ እነሱ በ1 ሰዓት ይቀድሙናል። እዚያ 03:50 ሲሆን እዚህ ገና ከሌሊቱ 8:50 ነው። ርቀቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 4 ሰዓት ልኩ ነው።

ትኬቱ ላይ ሐሙስ የሚለው የመነሻው ቀን ነው። ለእህትህ ስትደውል «ሐሙስ ሌሊት» ካልካት በአንድ ቀን ቀድማ ልትሄድ ትችላለች። «ዓርብ፣ 03:50፣ በእናንተ ሰዓት» በላት።