መልስ፦ የአክቲቭ ቤዝ ጊታር ባትሪ ቶሎ ስለማለቁ

«ድምፁን ዘግቼ ባስቀምጠውም የቤዜ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሦስት ሳምንት አይሞላም» ላሉት፦ ድምፁን መዝጋት ባትሪውን አያሳርፈውም። በአብዛኞቹ አክቲቭ ቤዞች (በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ፣ ማለትም ትንሽ የድምፅ ማጉያ፣ በውስጣቸው ያላቸው ቤዞች) የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ተገናኝቶ ኤሌክትሪኩ መዞር የሚጀምረው የገመዱ ጃክ ሲሰካ ስለሆነ፣ ገመዱ ተሰክቶ እስካለ ድረስ አምፕሊፋየሩ ቢጠፋ እንኳ ፕሪአምፑ ባትሪውን ሲበላ ያድራል። 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ የሚይዝ አልካላይን ባትሪ፣ 1 ሚሊአምፒር ለሚወስድ ፕሪአምፕ 500 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ያለማቋረጥ ተሰክቶ ከዋለና ካደረ ግን ይህ 21 ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ልምምድ እንዳበቁ ገመዱን ከጊታሩ በኩል ይንቀሉ። ነቅለውትም ባትሪው ቶሎ ከደከመ፣ የመሰኪያውን ሽቦዎች ባለሙያ ይፈትሽልዎ። እኔ ባትሪው በቴስተር 8 ቮልት ገደማ ሲያሳይ እቀይረዋለሁ፤ ይህንንም የተማርኩት መድረክ ላይ የቤዜ ድምፅ ሲሻክርብኝ ነው።