ጭሱ ሳይለካ ልቀቱ እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄ፦ አንድ አገር በተሽከርካሪና በቤት ማሞቂያ ነዳጅ ይህን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቀች ይባላል። በየጭስ ማውጫው መለኪያ የለም፤ ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከነዳጅ ሽያጭ መዝገብ። ነዳጅ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ከሞላ ጎደል ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ የተቃጠለው መጠን ከታወቀ ልቀቱ በስሌት ይገኛል። ናፍጣን እንውሰድ። አንድ ሊትር 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንሳዊ ፓነል) መመሪያ ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 43 ሜጋጁል ሙቀት፣ ለእያንዳንዱ ሜጋጁል ደግሞ 74.1 ግራም ልቀት ይይዛል። ሦስቱን ሲያባዟቸው 2.68 ኪሎ ግራም ይመጣል። ጋዙ ከነዳጁ የሚከብደው ኦክስጅኑን ከአየር ስለሚወስድ ነው፤ 12 ኪሎ ካርቦን 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ቤንዚን በዚሁ ስሌት በሊትር 2.3 ኪሎ ገደማ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ከጉምሩክ መረጃ ተነሥቼ ያሰላሁትና ከማደያዎች ሽያጭ ያገኘሁት አይገጥሙም። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይሥሩ፤ አንዱ የሌላው መቆጣጠሪያ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ይሰላል፦ በአገር ውስጥ የተመረተው ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ ወደ ውጭ የተላከው፣ ሲቀነስ ለዓለም አቀፍ በረራና መርከብ የተቀዳው፣ ሲቀነስ የክምችት ለውጥ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ ተፈልጎ በሪፖርቱ መብራራት አለበት።

በመጀመሪያ የክምችቱን ምልክት ይዩ። ዓመቱ ሲጀምር በዴፖ 40,000 ቶን ናፍጣ ነበረ፣ ሲያልቅ 55,000 ሆነ እንበል። 15,000 ቶኑ ስላልተቃጠለ ይቀነሳል። በስሕተት ከተደመረ ግን ስሌቱ በ30,000 ቶን ናፍጣ፣ ማለትም ከ95,000 ቶን በሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዛባል። አንዲት የመቀነስ ምልክት ይህን ያህል ታጠፋለች።

ቀጥሎ የሙቀት ይዘቱን ይመርምሩ። የአይፒሲሲ ቁጥሮች በተጣራ የሙቀት መጠን (ከጭሱ ጋር በውሃ ትነት የሚወጣውን ሙቀት ሳይጨምር) የተሠሩ ናቸው፤ የተፈጥሮ ጋዝ ሽያጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ያንንም በሚጨምረው በጠቅላላው ነው። የተጣራው ለጋዝ በ10 በመቶ፣ ለነዳጅ ዘይት በ5 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሳይቀይሩ ካባዙ ልቀቱ ያለ አግባብ ያብጣል።

ጥያቄ፦ ከማደያ የተቀዳ ናፍጣ ሁሉ የትራንስፖርት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጄኔሬተርም፣ ትራክተርም፣ ማሞቂያም ከዚያው ይቀዳል። የአገሪቱ ድምር አይለወጥም፤ የዘርፎቹ ድርሻ ግን ይዛባል። በየዓይነቱ የተሽከርካሪዎችን ቁጥር፣ በዓመት የሚሄዱትን ኪሎ ሜትርና በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጁትን ሊትር በማባዛት ያመሳክሩ። ድንበር ተሻግሮ የሚነዳ መኪና ልቀት የሚመዘገበው ነዳጁ በተሸጠበት አገር ነው።

ጥያቄ፦ ለማሞቂያ የሚነደው እንጨትስ?

መልስ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለመረጃ ያህል ለብቻው ይጻፋል እንጂ በኢነርጂ ድምር ውስጥ አይገባም። ዛፉ ሲቆረጥ ጉድለቱ በደንና መሬት ዘርፍ ስለሚቆጠር፣ እዚህም ቢደመር ሁለቴ ይሆናል። ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ይቆጠራሉ፤ በ100 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ እንደሚያሞቁ ታስቦ፣ ሚቴኑ በ28፣ ናይትረስ ኦክሳይዱ በ265 ተባዝቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይለወጣል።