ጥያቄና መልስ፦ ኦርላንዶ ዲዝኒ ዎርልድ፣ ለሁለት ብቻ የሚሆን ምሽት

ባለሞኖሬል፦ እንግዲህ ጠይቁ። የማወራው ስለ ፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ብቻ ነው፤ የካሊፎርኒያውን የሚያውቅ ይመልስላችሁ። ሰዓት የምጽፈው በሀበሻ አቆጣጠር ነው። የምትሄዱበትን ወር፣ የምታድሩበትን ሆቴልና የመደባችሁትን ገንዘብ ሳትነግሩኝ «ምን ይሻላል?» ብትሉ መልስ የለኝም።

የአትላንታው፦ ሜይ ላይ አምስተኛ ዓመት ጋብቻችንን ልናከብር ነው። ፖፕ ሴንቸሪ ይዘናል። ራት እየበላን ርችት ማየት ብንፈልግ የት ይሻላል?

ባለሞኖሬል፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሁለት ቦታ አላችሁ።

አንደኛው ካሊፎርኒያ ግሪል ነው፣ ኮንቴምፖራሪ ሆቴል 15ኛ ፎቅ ላይ፣ ማጂክ ኪንግደም ከሚባለው ፓርክ አጠገብ። እንግዳ የሚቀበሉት ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቀጥታ ወደ ላይ የሚወስድ ሊፍት ፍለጋ አትንከራተቱ። ዋጋው ቋሚ ሆኖ ለሦስት ኮርስ በሰው ወደ 90 ዶላር ነው። 6.5 በመቶ ታክስና 20 በመቶ ቲፕ ሲደመርበት፣ መጠጥ ሳይነካ ለሁለት ሰው ወደ 228 ዶላር ይደርሳል።

ሰው የሚሳሳተው ጠረጴዛ ይይዝና የርችቱን ሰዓት በኋላ የሚያይ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የርችቱን ሰዓት እዩ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ያዙ። ርችቱ ማታ 3 ሰዓት ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያዙ፤ ራቱ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ጣፋጩ ሲቀርብ በረንዳው ላይ ትወጣላችሁ። መብራቱን ቀነስ አድርገው የትርዒቱን ሙዚቃ ይለቁላችኋል። ያገኛችሁት 11 ሰዓት ብቻ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ በሉና ደረሰኙን አትጣሉ፣ በዚያው ምሽት እሱን አሳይታችሁ ለርችቱ ተመልሳችሁ መውጣት ትችላላችሁ። አንድ ጉድለት አለው። ርችቱ የሚታየው በጎን ስለሆነ ፓርኩ መሃል ባለው የሲንደሬላ ግንብ ላይ የሚበራውን ምስል አታገኙትም።

ሁለተኛው ሪቪዬራ ሆቴል ጣሪያ ላይ ያለው ቶፖሊኖስ ቴራስ ነው። ለእናንተ ይሄኛው ይቀላል፤ ከፖፕ ሴንቸሪ ስካይላይነር (በገመድ ላይ የሚሄደውን ካቢን) ተሳፍራችሁ ካሪቢያን ቢች ላይ አንዴ ብቻ ትቀይራላችሁ። ኤፕኮት የሚባለውን ፓርክ ርችት ከሩቅ ያሳያል፤ ውኃው ላይ ያለው ትርዒት ግን አይታይም። ቁርስ ላይ ሚኪና ጓደኞቹ የሚዞሩበት ቤት ነው፤ ማታ አይኖሩም፣ እፎይ ነው። ስትመለሱ ከራሱ ከሪቪዬራ ጣቢያ ተሳፈሩ። ሰልፍ ከሌለ ለ10 ሰው የተሠራችው ካቢን የሁለታችሁ ብቻ ትሆናለች።

ሪዘርቬሽን የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የዲዝኒ ሆቴል የያዘ ሰው ከሚገባበት ቀን 60 ቀን ቀደም ብሎ፣ የቆይታውን ሁሉ (እስከ 10 ቀን) በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ትልቁን ራት በመጨረሻዎቹ ማታዎች ላይ አድርጉት። በዚያ ጠዋት እነዚያን ቀኖች ማየት የሚችለው ሰው ጥቂት ነው።

ዴንቨር ነኝ፦ 12 ሰዓት ላይ ገባሁ፣ ሁሉም ተይዟል። ምሳ ሰዓት ላይ ገና ምን ተነካና?

ባለሞኖሬል፦ የሀበሻ ሰዓት ብያለሁ እኮ! በስልካችሁ ጠዋት 6 ማለት ነው፣ ያውም በኦርላንዶ አቆጣጠር። ዴንቨር ያለ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣ።

ዴንቨር ነኝ፦ ታዲያ አሁን ቀረብኝ ማለት ነው?

ባለሞኖሬል፦ አልቀረብህም። አብዛኛው ምግብ ቤት ከተያዘው ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ የሰረዘውን ሰው አይቀጣም፤ ከዚያ ካለፈ በሰው 10 ዶላር ይቆርጣል። ስለዚህ ሰው የሚለቀው በዕለቱ ነው። ማታ 2 ሰዓት መብላት ከፈለግህ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አፑን ደጋግመህ ክፈት። የሁለት ሰው ጠረጴዛ ይወጣል። የአምስት ሰው ብትፈልግ ነበር የማዝንልህ።

ኤደን፦ ጠቅላላ ስንት ይፈጃል?

ባለሞኖሬል፦ ምኑ?

ጾመኞቹ፦ ረቡዕና ዓርብ እዚያው ነን። የጾም ነገር ይገኛል? ወይስ ድንች ጥብስ በልተን ነው የምናድረው?

ባለሞኖሬል፦ ሜኑው ላይ ትንሽ የቅጠል ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የለበትም ማለት ነው። ዳቦው ግን በቅቤ የተቀባ ሊሆን ይችላል፣ መጥበሻውም ከሌላው ጋር የጋራ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተናጋጁን ሼፍ ጥራልን በሉት። ይመጣል፣ አይሰለችም። ሪዘርቬሽኑ ላይም አስቀድማችሁ ጻፉት።

የሲያትሉ፦ ዓሣ ይብሉ እንጂ ምን ችግር አለው? የባሕር ከተማ ሄዶ ቅጠል መብላት?

ጾመኞቹ፦ ዓሣ በጾም? በየት አገር?

የሲያትሉ፦ በኛ አገር። ጣና ዳር ያለ ሰው ምን የሚበላ ይመስላችኋል?

ጾመኞቹ፦ የሚበላውን ሳይሆን የታዘዘውን ነው የምናወራው።

ባለሞኖሬል፦ አባቶች ተከራክረው ያልጨረሱትን እዚህ አትጨርሱትም። ደግሞ ኦርላንዶ ባሕር የለውም፤ የቅርቡ ባሕር ዳርቻ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቀጣይ።

ባለቀለበት፦ ኦክቶበር ላይ ቀለበት ልሰጣት ነው። ማጂክ ኪንግደም፣ ግንቡ ፊት ለፊት፣ ርችቱ ሲተኮስ ልንበረከክ አስቤያለሁ። ኮንቴምፖራሪ ነው የምናድረው።

የዲሲዋ፦ መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ ወንድሜ።

ባለቀለበት፦ ሽማግሌው ከእሺታዋ በኋላ ይሄዳል። አሁን ዘመኑ እንዲህ ነው።

የዲሲዋ፦ እንግዲያው ቤተሰቧ በፎቶ ነው የሚሰማው?

ባለሞኖሬል፦ ሽማግሌው የናንተ ጉዳይ ነው፣ ቦታው ግን የኔ ነው። ርችት ሰዓት ላይ ግንቡ ፊት ለፊት አይሆንም። ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል። መንበርከኪያ ቦታ የለም፣ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻ ላይ ሲያወጡ እናንተን የሚያይ ካሜራ አይኖርም፣ የተናገርከውንም በድምፁ ብዛት አትሰማህም። ደግሞ ኦክቶበር ብለሃል። የሃሎዊን ድግስ ባለበት ማታ፣ የድግሱን ትኬት ለብቻ ያልገዛ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይሸኛል። መጀመሪያ የርችቱን ሰዓት እዩ የምለው ለዚህም ነው፤ በድግሱ ማታ የተለመደው ርችት ላንተ የለም።

የሚሻልህን ልንገርህ። የዲዝኒ ሆቴል የያዘ ሰው ፓርኩ በይፋ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ከኮንቴምፖራሪ በእግር 10 ደቂቃ ናት፣ አውቶቡስ አትጠብቅ። ሰው ሁሉ ወደ ጨዋታዎቹ ሲሮጥ አንተ ግንቡ ጋ ቁም። ፎቶፓስ የሚባሉት የፓርኩ ፎቶ አንሺዎች እዚያ አሉ፤ ለአንዱ ቀደም ብለህ በጆሮው ንገረው፣ ለምደውታል። ምሽት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ፣ ፖሊኔዥያንንና ግራንድ ፍሎሪዲያንን የሚያገናኘው የእግር መንገድ አለ፤ ግንቡ ከውኃው ማዶ ይታያል፣ ሰው የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ድረስ።

ስለ ቀለበቱ ደግሞ፦ ሳጥኑን ተወውና ለስላሳ ከረጢት ውስጥ አድርገው። አራት ማዕዘኑ ሳጥን ከሱሪ ኪስ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ በር ላይ ፈታሹ ቦርሳህን ከፍቶ አጠገቧ ሊያወጣው ይችላል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ክፍልህ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ስፔስ ማውንቴን ብትሳፈር፣ በጨለማ ሲያንገላታህ ይወድቅና ፍለጋው ነገ ይሆናል።

ሳሮን፦ ሲንደሬላ ግንብ ውስጥ ያለው ምግብ ቤትስ? ፍቅር እኮ እሱ ነው።

ባለሞኖሬል፦ ዘውድ የደፉ የአምስት ዓመት ልጆች የሚንጫጩበት አዳራሽ ነው። ልጃችሁን ውሰዷት።

ሳሮን፦ ልዕልት መሆን ዕድሜ አለው እንዴ?

ባለሞኖሬል፦ የለውም። ጠረጴዛው ላይ መወያየት ከፈለጋችሁ ግን ግራንድ ፍሎሪዲያን ውስጥ ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስ ይሻላል። በ2024 የሚሽላን ኮከብ አግኝቷል፣ ከ10 ዓመት በታች ልጅ አይገባም፣ በጂንስና በስኒከር አትሞክሩት። ለሁለት ሰው ከ600 ዶላር በታች አስባችሁ አትግቡ።

ሜሮንና ዳዊት፦ ፓርክ ሳንገባ፣ ትኬት ሳንገዛ አንድ ማታ ማሳለፍ ይቻላል?

ባለሞኖሬል፦ ይቻላል ብቻ ሳይሆን የተሻለው ማታ እሱ ነው! ገንዘብ የሚባክነው ለሦስት ሰዓት ብላችሁ የሙሉ ቀን ትኬት ስትገዙ ነው። ሴቨን ሲስ ላጉን በሚባለው ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ሆቴሎች ሞኖሬሉ (በአንድ ሐዲድ የሚሄደው ባቡር) በነፃ ያገናኛቸዋል፤ ፖሊኔዥያን፣ ግራንድ ፍሎሪዲያን፣ ማጂክ ኪንግደም፣ ኮንቴምፖራሪ፣ ከዚያ ዋናው መናኸሪያ፣ እንደገና ፖሊኔዥያን።

መኪና ካላችሁ ከሆቴሎቹ በአንዱ ውስጥ ራት ያዙ። ሪዘርቬሽን ያለውን ሰው ዘበኛው ያለ ክፍያ ያስገባዋል፤ የሌለውን በተለይ በበዓል ሰሞን ከበር ይመልሰዋል። ግራንድ ፍሎሪዲያን ብሉ፣ ከዚያ በእግር መንገዱ ወደ ፖሊኔዥያን ሂዱ። ፓይናፕል ላናይ ከሚባለው መስኮት ዶል ዊፕ ግዙ፤ ቀዝቃዛ የአናናስ ክሬም ነው፣ ሙቀቱ ቶሎ ያቀልጠዋልና በኩባያ እንጂ በኮን አትውሰዱ። ከርችቱ 45 ደቂቃ በፊት አሸዋው ላይ ቦታ ያዙ። ሙዚቃው እዚያ ድረስ በስፒከር ይመጣል።

ርችቱ እንዳለቀ ወደ ሞኖሬሉ አትሩጡ። ከፖሊኔዥያን ሁለት ጣቢያ አልፎ የማጂክ ኪንግደም ሕዝብ ይጫንበታል። 45 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ምን አስቸኮላችሁ?

ቶሮንቶ፦ ቦርድዎክ ጄሊሮልስ ሄዶ ፒያኖ መስማት፣ ሊበርቲ ቤል ጀልባ ላይ መንሸራሸር የሚል ዝርዝር አገኘሁ። ጥሩ ነው?

ባለሞኖሬል፦ ሁለቱም በ2025 ተዘግተዋል። ዝርዝሩን ጣለው። ቦርድዎክ ራሱ ግን አለ፣ በነፃ ትንሸራሸርበታለህ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጆቹን የት እንተዋቸው?

ባለሞኖሬል፦ ዲዝኒ ራሱ ያስተዳድራቸው የነበሩት የማታ የልጆች ክለቦች ተዘግተዋል። ሆቴል ክፍል ድረስ የሚመጡ ሞግዚቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ቢያንስ የአራት ሰዓት ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ለራት ብቻ ሳይሆን ከራት በኋላ ላለውም አስቡት። አያት ካለች ይዛችኋት ሂዱ፤ ከሷ የተሻለ የለም።

የዲሲዋ፦ አያትን ፍሎሪዳ ወስዶ ሞግዚት ማድረግ!

ባለሞኖሬል፦ ቀጣይ።

ካሳ፦ አኒማል ኪንግደም ሎጅ የአፍሪካ ምግብ አለ ይባላል። እንጀራ አለ?

ባለሞኖሬል፦ እንጀራ ፍለጋ አትሂዱ። ለሌላው ግን ሂዱ፣ እዚያ ማደር ግዴታ አይደለም። ሦስት ቤት አለ። ቦማ ቡፌ ነው፣ ጫጫታ ይበዛበታል፤ ዜብራ ዶም የምትባለዋን በነጭ ቸኮሌት የተለበጠች ጣፋጭ ግን አትለፏት (ወተትም አማሩላ የሚባለው የክሬም መጠጥም አለባት፣ ለጾም አትሆንም)። ጂኮ ዝግ ያለ፣ የደቡብ አፍሪካ ወይን የሚበዛበት ነው። ሳና ደግሞ የሎጁ ሌላኛው ሕንፃ በሆነው ኪዳኒ መንደር ውስጥ ነው፤ አምስት ዓይነት ቂጣ ከዘጠኝ ማጥቀሻ ጋር ያቀርባል፣ ከማንጎ ቻትኒ እስከሚያቃጥለው የነጭ ሽንኩርት ፒክል። ሁለት ሰው አንዱን ተካፍሎ ይጠግባል።

የሳና ትልቁ ነገር መስኮቱ ነው፤ ቀጭኔው በዚያ በኩል ያልፋል። ሲጨልም ግን የሚታየው የራሳችሁ ፊት ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ያዙ። ዲሴምበር ላይ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች፣ ጁን ላይ ማታ 2 ሰዓት ከ25 ገደማ።

መሄጃውን አስቡበት። ከሆቴል ሆቴል የሚሄድ አውቶቡስ የለም! በፓርክ ወይም በዲዝኒ ስፕሪንግስ በኩል ትቀይራላችሁ፤ ለጠቅላላው 90 ደቂቃ መድቡ። ወይም ኡበር ያዙ።

ናርዶስ፦ ከፖፕ ሴንቸሪ ሳና ቀጥታ አውቶቡስ አለ?

ባለሞኖሬል፦ አሁን የጻፍኩት ምን ይላል?

ሀብታሙ፦ ዩኒቨርሳል አይሻልም ግን?

ባለሞኖሬል፦ ዩኒቨርሳልን የሚያውቅ ጠይቅ።

የቻርሎቷ፦ ኦገስት ላይ ነን፣ ኤፕኮት ራት ይዘናል፣ አርት ኦቭ አኒሜሽን ነው የምናድረው። ቢዘንብስ?

ባለሞኖሬል፦ «ቢዘንብስ» አይባልም፣ ይዘንባል። በክረምታቸው ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ የተለመደ ነው። መብረቅ ሲቀርብ ስካይላይነር ይቆማል፣ አውቶቡስ እስኪተኩ ሰልፉ ይረዝማል። ስለዚህ ከራታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ውጡና ዝናቡ ሲጀምር ኤፕኮት ውስጥ ሁኑ። ጃንጥላ በሰው መሃል ያስቸግራል፣ ፖንቾ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ዋጋው ሌላ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማም በቦርሳ ይሁን። ወርልድ ሾውኬዝን (የየአገሩ ቤቶች ሐይቅ ከብበው የቆሙበትን የኤፕኮት ክፍል) አንዴ መዞር ብቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሬቱ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። ምግብ ቤቱ በር ላይ ስትደርሱ ቀይሩ።