ሥርዓተ ትምህርቱ የማን ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም። ታዲያ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን «ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ እናላቅቅ» ሲባል ከምን ነው የምናላቅቀው? (የታሪክ ተማሪ፣ ደሴ)

ቅኝ ሳንገዛ ያመጣነው ብዙ ነው። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ይመራ ነበር። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ተገድደን ሳይሆን ጠይቀን ስላስገባነው፣ ብዙውን እስከ ዛሬም መለስ ብለን አልመረመርነውም። ምርመራው መጀመር ያለበት ከፈተና ወረቀቱ ነው። የአገር ዕውቀት በመግቢያው ምዕራፍ ተወድሶ ፈተና ላይ ካልመጣ ተማሪ አያነበውም።

ኮርሱ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ሆኖ ከላይ የወጣ ነው። እኔ ምን መለወጥ እችላለሁ? (የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፣ ኮምቦልቻ)

የኮርሱን ስም፣ ክሬዲቱንና ዋና ዋና ርዕሶቹን ብቻዎን አይነኩም። ምሳሌው፣ መልመጃውና አሳይመንቱ ግን በእጅዎ ነው። የቀሪ ስሌት (modulo) ሲያስተምሩ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የምታሰላበትን ዘዴ፣ ይስጧቸው።

2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ ያለው ዘመን) 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 11 ነው። ወንበር በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) መጥቅዕ 29። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ይውላል። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ (ለዕለቱ የተወሰነው ተጨማሪ ቁጥር) 4 ስለሆነ ከመጥቅዕ ጋር ድምሩ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ መባጃ ሐመር 3። ድምሩ ከ30 በማለፉ የነነዌ ጾም መጀመሪያ ከጥር ወደ የካቲት 3 ይሻገራል። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይመጣል።

ተማሪዎች ኮዱ ለ2017 ትክክል ሲሆንላቸው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። 2005ንና 2006ን አስሞክሯቸው። በ2005 ቀሪው 0 ስለሆነ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ መሆን ያለበት 18 ነው። በ2006 ወንበሩ 0 ይሆንና ኮዱ መጥቅዕ 0 ብሎ ያወጣል፤ ሊቃውንቱ ግን 30 ብለው ነው የሚይዙት፣ በዓለ መጥቅዕም መስከረም 30 ይውላል። ትክክለኛው ፋሲካ በ2005 ሚያዝያ 27፣ በ2006 ሚያዝያ 12 ነበር። እነዚህን ሁለት ዓመታት ያላለፈ ፕሮግራም ሙሉ ማርክ አይገባውም።

እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ተማሪ አይጠፋምና የሂጅሪያን ስሌትም ጎን ለጎን ይስጡ። ጨረቃ ሳትታይ አስቀድሞ በሚሠራው የሰንጠረዥ ስሌት 30 ዓመት አንድ ዙር ነው፤ 11ዱ ዓመታት 355 ቀን፣ 19ኙ 354 ቀን አላቸው። በጨረቃ መታየት የሚወሰነው ቀን ከዚህ ሊለይ እንደሚችል አብረው ይንገሯቸው፤ ለምን እንደሚለይ ማስረዳት ራሱ ጥሩ የፈተና ጥያቄ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ወሎ የሚነሳው በረሃብ ብቻ ነው። ከኮርሱ ላውጣው? (የኢኮኖሚክስ መምህርት፣ ደሴ)

አያውጡት። ተማሪዎችዎ ራሳቸው የሚፈትሹት ጉዳይ ያድርጉት። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ስለ 1965/66ቱ የወሎ ረሃብ ከተመረኮዘባቸው ማስረጃዎች አንዱ የደሴ ገበያ ዋጋ ነው። የእህል ዋጋ ብዙም ሳይንር ሰው ያለቀው ገበሬውና አርብቶ አደሩ መግዣ ስላጡ ነው፣ ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህልም ነበር ይላል። ይህ ክርክር በብዙ አገር ይሰጣል፤ ዘመኑን ያዩ አዛውንት በቅርብ የሚያገኙት ግን የደሴ ተማሪዎች ናቸው።

እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ከብት የሸጡና አንድ እህል የገዙ አዛውንት ያነጋግር። «ኑሮ ተወዶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ መልሱ ሁሌም አዎ ነው። «አንድ በሬ ተሽጦ ስንት ቁና ማሽላ ይገዛ ነበር? ዓመት ቀደም ብሎስ?» ይበል። ዋናው ስህተት የሚመጣው ከዘመን ነው። የፈረንጆቹ 1973 እስከ ጳጉሜን ድረስ የእኛ 1965 ነው። አዛውንቱም የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ሊያደባልቁ ስለሚችሉ «ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ማጣራት ግድ ነው። ድምፅ የሚቀዳው በፈቃዳቸው ብቻ ነው። ልጅ የሞተባቸው ከሆኑና ካለቀሱ ቃለ መጠይቁ እዚያው ይቁም፤ ማርክም አይቀነስበት።

ስለ አበጋር (በወሎ ባለደሞችን ስለሚያስታርቁ ሽማግሌዎች) ልጽፍ ብል «ይህ ባህል እንጂ ሕግ አይደለም» ተባልኩ። ልተወው? (የሕግ ተማሪ)

አትተወው፣ ግን አጥብበው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሽሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለግልና ለቤተሰብ ክርክር፣ ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ፣ በሩን መልሶ ከፍቷል። አበጋር ግን የሚታወቀው ደም በማድረቅ ነው፤ የሰው ግድያ ደግሞ ከዚያ አንቀጽ ውጭ ነው። ጥናትህ እዚህ ክፍተት ላይ ይቁም፦ እርቁ ከወረደ በኋላ ምስክሮቹ ችሎት ይቀርባሉ? ካሳውን የሚያዋጣው ማን ነው? የሟች ሚስት ትጠየቃለች? እርቅን አወድሶ ብቻ የሚያበቃ ወረቀት ከመምህርህ ጋር አያከራክርህም፣ አያሳልፍህምም።

በአማርኛ ብናስተምር አይሻልም? (ስሙን ያልጻፈ መምህር፣ ደሴ)

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ይላል። ተማሪውም ከየክልሉ የተመደበ ስለሆነ ሁሉም አማርኛ አይቀናውም። አሥር ደቂቃ በትንንሽ ቡድን በሚቀናቸው ቋንቋ ይወያዩ፣ ከዚያ አንዱ በእንግሊዝኛ ያቅርብ። ቡድኑን ሲከፍሉ የቋንቋ ጓደኛ አጥቶ ብቻውን የቀረ ተማሪ እንዳይኖር ይጠንቀቁ፤ ካለ ያ ቡድን በእንግሊዝኛ ይወያይ።