ብረት ለሚያነሱና ማንሳት ለሚፈልጉ የሰሜን ሸዋ ሴቶች፦ ጠይቁኝ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብረት ማንሳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሴቶችን አሠለጥናለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ለሐኪም የሚሆነውን ወደ ሐኪም እልካለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። በየመንገዱ ስታስቆሙኝ የምትጠይቁኝን ሁሉ አንድ ላይ አምጡት። ከመንዝም፣ ከቆላውም ያላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ እህቴ፣ ብረት ካነሳሽ ሰውነትሽ የወንድ ይሆናል እያሉ ጓደኞቼ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ወንድን ያን ያህል ጡንቻ የሚያስይዘው በዋናነት ቴስቶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። በሴት ደም ውስጥ ያለው ከወንዱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። እኔ ስጀምር 57 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 61 ነኝ። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጢጥ ብዬ የምነሳበት ክብደት ግን ከባዶ ባር (ክብደት ካልተጫነበት ረጅም ብረት) ተነስቶ 85 ኪሎ ደርሷል። ቀሚሶቼን አሁንም እለብሳቸዋለሁ፤ የጠበበኝ ትከሻቸው ብቻ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ሴት ከባድ ነገር አታነሳም የሚልሽ ሰው እናቱ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ እያየ ነው ያደገው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ጂም ውስጥ ያለው ባዶው የወንዶች ባርም 20 ኪሎ ነው። እናቶቻችን ያንን ሲሸከሙ የሚያርፉበት ቀን የለም፣ ጠግበው የሚበሉበትም ቀን ጥቂት ነው። አንቺ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በልክ፣ በልተሽና ተኝተሽ ነው የምታነሺው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ እኛ ዘንድ ለሴት የሚመች ጂም የለም። ቤት ውስጥ በምን ልሥራ?

መልስ፦ በጀሪካን ጀምሪ። የጀሪካን ትልቁ ጥቅም አንድ ሊትር ስትጨምሪ አንድ ኪሎ ብቻ መጨመሩ ነው፤ ብዙ ጂም ውስጥ እንዲህ ያለ ትንሽ ክብደት አይገኝም። በ8 ሊትር ጀምሪ፣ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ቁጢጥ ብለሽ ተነሺ። 10 ጊዜ ሦስት ዙር ከቻልሽ በሚቀጥለው ሳምንት 9 አድርጊው። ውኃው እየዋለለ ካስቸገረሽ በአሸዋ ተኪው፤ ግን አሸዋ ከውኃ ይከብዳልና 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ለእጅና ለደረት እጅሽን አልጋ ጠርዝ ላይ አድርገሽ ፑሽ አፕ ሥሪ፤ ከዚያ ወደ በርጩማ፣ ከዚያ ወደ መሬት ዝቅ ትያለሽ። ለጀርባ ጎንበስ ብለሽ፣ በአንድ እጅሽ አልጋውን ተደግፈሽ፣ በሌላው ጀሪካኑን ወደ ወገብሽ ሳቢ።

ባር ከፈለግሽ የሰፈራችን ወጣቶች እንደሚያደርጉት በሁለት ጣሳ፣ በቧንቧ ብረትና በሲሚንቶ ይሠራል። የእኔም የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር፤ ወንድሜ ነው የሠራልኝ። ሁለት ወር ስሠራበት ቀኝ ትከሻዬን እያመመኝ ምክንያቱ ሊገባኝ አልቻለም። በኋላ ወፍጮ ቤት ወሰድነውና አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን እኩል ከፍታ ባለው ሣጥን ላይ አስቀምጠን አየነው፤ ከዚያ አዞርነው። አንዱ ወገን 11 ኪሎ፣ ሌላው 13 ተኩል! ካልሲ ውስጥ አሸዋ ቋጥሬ በቀለለው በኩል አሰርኩበትና ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ተወኝ። ስለዚህ ሳታስመዝኚ አንድም ቀን እንዳታነሺበት።

ጥያቄ (ጫጫ)፦ ስኳት (ባር ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በባዶ ባር ጀምሬ በየሳምንቱ እየጨመርኩ በሁለት ወር 40 ኪሎ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ወር ሙሉ 45 ሞክሬ አቃተኝ። አበቃልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ምንም አላበቃልሽም፣ ገና መጀመርሽ ነው። ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የጨመርሽው ጉልበት አብዛኛው ከአዲስ ጡንቻ የመጣ አይደለም። አንጎልሽና ነርቮችሽ ያለሽን ጡንቻ በአንድነት ማዘዝ ስለለመዱ ነው። ያ ትምህርት ፈጣን ነው፤ ጡንቻ ግን በዝግታ ነው የሚሠራው። አሁን የደረስሽው ፈጣኑ አልቆ ዝግተኛው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሴቶች የሚያቆሙት እዚህ ጋ ነው፣ እኔንም የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሂሳብ ነው። ከ40 ወደ 45 ስትሄጂ የጨመርሽው ከመቶ 12 ተኩል ነው። አጠገብሽ 100 ኪሎ የሚያነሳው ወንድ አምስት ሲጨምር ግን የጨመረው ከመቶ አምስት ነው። አንቺ ከእሱ እጥፍ በላይ እየዘለልሽ፣ አቃተኝ ብለሽ ታዝኛለሽ። በየጎኑ የሚገባ የ1.25 ኪሎ ክብደት ካለ እሱን ተጠቀሚ፤ ከሌለ ግማሽ ግማሽ ኪሎ አሸዋ በሁለት ትንንሽ ከረጢት አስመዝነሽ በባሩ ሁለት ጫፍ አጥብቀሽ እሰሪ።

ሦስተኛው፣ ኪሎውን ሳትነኪ ቁጥሩን ጨምሪ። የአንዷን ልጅ ደብተር እሷን አስፈቅጄ ልገልብጥላችሁ፤ ከኪሎው ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች በየዙሩ ስንት ጊዜ እንዳነሳች ነው፦

መጋቢት 2፦ ስኳት 40 ኪሎ፣ 5፣ 5፣ 4
መጋቢት 5፦ 40 ኪሎ፣ 5፣ 5፣ 5
መጋቢት 9፦ 40 ኪሎ፣ 6፣ 5፣ 5። እንቅልፍ አልጠገብኩም
መጋቢት 16፦ 40 ኪሎ፣ 7፣ 7፣ 6
መጋቢት 23፦ 40 ኪሎ፣ 8፣ 8፣ 8

ይህች ልጅ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድም ኪሎ አልጨመረችም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት የምትችለውን የምንገምትበት ቀመር አለ፤ የድግግሞሹን ቁጥር ለ30 አካፍለሽ፣ አንድ ጨምረሽ፣ በኪሎው ታባዢዋለሽ። 40 ኪሎን 5 ጊዜ ማንሳት ወደ 46.7 ይሰጣል፤ 8 ጊዜ ማንሳት ወደ 50.7። አራት ኪሎ ጉልበት ጨምራለች፣ ያለ ደብተሩ ግን ቆሜ ቀረሁ ብላ ትተወው ነበር። በማግስቱ ሳምንት 42.5 ጭና 5 ጊዜ አነሳች።

በየአራተኛው ወይም በየአምስተኛው ሳምንት ደግሞ የዙሩን ቁጥር በግማሽ ቀንሺ። ስንፍና አይደለም፤ ጉልበት የሚሠራው በምታርፊበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ (ደነባ)፦ በወር አበባ ጊዜ ማንሳት ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም። ከደከመሽ ቀንሺ፣ ካልደከመሽ እንደወትሮው ሥሪ። ደሙ ከልክ በላይ የሚፈስሽና ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሄሞግሎቢን የሚባለውን፣ የደም ማነስ የሚታወቅበትን ምርመራ ታዪ። ቡናና ሻይ ከምግብ የምናገኘው የብረት ማዕድን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደናቅፋሉና ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቂያቸው።

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ሲና)፦ ከወለድኩ ሦስት ወሬ ነው። ከባድ ነገር ማንሳት ማህፀን ያወርዳል ይሉኛል። ልጀምር ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የሚሉሽ ሰዎች ከሜዳ ተነስተው አይደለም። በአገራችን ገና አራስ ሳሉ እንጨትና ውኃ ተሸክመው ማህፀናቸው የወረደ እናቶች አሉ። ስለዚህ ፍርሃቱን አላቃልለውም። ግን አራስን ሸክም ላይ መጣልና ያገገመ ሰውነትን ቀስ በቀስ ማጠንከር ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ታዪ። በቀዶ ጥገና የወለድሽ ከሆነ ያለ ሐኪም ፈቃድ ምንም አታንሺ። ከተፈቀደልሽ የመጀመሪያው ሥራ ብረት አይደለም፤ ሽንት ለመያዝ እንደሚደረገው ከሥር ያለውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስበሽ፣ እስከ አምስት ቆጥረሽ መልቀቅ ነው። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ልጅሽን እያጠባሽም ይሆናል። ቀጥሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ ቀላል ጀሪካን። ስትነሺ ትንፋሽሽን አውጪ፣ አፍነሽ አታምጪ። መቀነት ወገብን ይደግፋል፣ ነገር ግን አንጀትሽን ቆርጦ እስኪይዝ ስታጠብቂው ግፊቱ ወደ ታች ይሄዳልና ላላ አድርጊው።

ሽንት ካመለጠሽ፣ ወይም ከታች የመክበድና አንዳች ነገር የሚወርድ ዓይነት ስሜት ከመጣብሽ፣ ያን ቀን አቁመሽ ወደ ማህፀን ሐኪም ሂጂ። አትፍሪ፣ ሐፍረትም አይያዝሽ፤ የሚያፍሩት ናቸው ዘግይተው የሚጎዱት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የመጣች)፦ እታች ሳለሁ የማነሳውን እዚህ ስሞክር ትንፋሽ ያጥረኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ከቆላ ተነስተሽ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው ያለሽው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ይቀንሳል። አምስት ጊዜ የሚነሳ ከባድ ክብደት ብዙም አይነካም፤ የሚያስቸግርሽ 15 እና 20 ጊዜ የሚደጋገመው ነው። ዙሮቹ መካከል ሦስት ደቂቃ ሙሉ እረፊ፤ በሳምንታት ውስጥ ትለምጂዋለሽ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ደግሞ ጠዋት ብረቱ እጅ ይቆርጣል። 10 ደቂቃ ሳትሞቂ ከባድ ነገር እንዳትነኪ።

ጥያቄ (ብዙዎቻችሁ)፦ ሁዳዴ ሲገባ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እጾማለሁ፣ አነሳለሁም። 55 ቀን ጡንቻ አያጠፋም፣ ካወቅሽበት።

ጉልበት የምትሠራ ሴት በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቷ ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃታል። 60 ኪሎ ከሆንሽ 96 ግራም መሆኑ ነው። ሩብ ኪሎ ደረቅ ጥራጥሬ፣ ምስርም ይሁን ባቄላ ወይም አተር፣ ወደ 60 ግራም ይሰጥሻል። የቀረውን እንጀራው፣ ዳቦውና ለውዙ ይሞሉታል። አገራችን የባቄላ አገር ናት! ውኃ ውስጥ አድሮ የተቀቀለ ባቄላ፣ ስልጆ፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የምስር ወጥ። ስህተቱ እንጀራው ሰፍቶ ሽሮው ሲቀጥን ነው። በሶ መልካም ነው፣ ግን ከጉልበት ምግብነቱ ውጭ በፕሮቲን አትተማመኚበት፤ ገብስ ከባቄላ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ በልተሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ ሥሪ። አዲስ ክብደት አትሞክሪ፤ ያለሽውን ይዘሽ ዙሩን ቀንሺ። የጨመርሽውን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሥራ ለመጨመር ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል። ሲፈሰክ እንቁላሉና ወተቱ ሲመለስ በሁለት ሳምንት ትነሺያለሽ። ዱቄት ፕሮቲን ለምትጠይቁኝ፦ ለእሱ ከማውጣታችሁ በፊት እንቁላል ግዙ። አንዱ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው።

ጥያቄ (የ54 ዓመት እናት፣ ደብረ ብርሃን)፦ ልጄ፣ እኔስ አልፎብኛል? ጉልበቴ ይንቋቋል።

መልስ፦ እትዬ፣ አላለፈብዎትም። እንዲያውም ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ አጥንትን ደግሞ ጫና ነው የሚያጠነክረው። ሳያምም መንቋቋቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከወንበር፣ እጅዎን ሳይደገፉ፣ 8 ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ። ይህ ሲቀልልዎ ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ በሁለት እጅዎ ይያዙ። ካመመዎት ወይም ካበጠ ያቁሙና ይታዩ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ የእርስዎ እኩያ አሉ፤ ከወር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ያለ መቋሚያ እንደተነሱ ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ።

ጥያቄ (ሸኖ)፦ ወንዶች ስለሚያፈጡብኝ ጂም መግባት እፈራለሁ።

መልስ፦ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ በገባሁበት ቤት አሠልጣኙ ስሜን ሳይጠይቅ ወደ መሮጫው ማሽን አመለከተኝ፤ ባሩን ስነካ ደግሞ መጥቶ ክብደቱን አወረደብኝ። ሳልመልስለት ወጣሁ፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። የምመክርሽ፦ ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ ሰው የሚያንስበትን ሰዓት ጠይቂ፣ የምትሠሪውን ደብተር ላይ ጽፈሽ ሂጂ። ቀጥሎ የምትሠሪውን የምታውቂ ሴት ዓይኗ ደብተሯ ላይ ነው። ባሩን ከመሬት ስታነሺ ረጅም ቀሚስ ይጠላለፍብሻል፤ ሱሪ ላይ አጠር ያለ ሰፊ ቲሸርት ይበቃል።

ጥያቄ (ወንድ፣ እነዋሪ)፦ ባለቤቴ መጀመር ትፈልጋለች። እንዴት ላግዛት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ልጆቹን ያዝላት፣ ውኃውንም አንተ ቅዳ። ሌላውን እሷ ትችለዋለች።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ አንዱ ባር ቀጭን ነው፣ አንዱ ወፍራም። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። የሴቶች የውድድር ባር 15 ኪሎ ነው፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር፤ የወንዶቹ 20 ኪሎና 28 ሚሊ ሜትር ነው። ሴቶች በክብደት ማንሳት የዓለም ሻምፒዮና መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ በኦሊምፒክ ደግሞ በ2000 ሲድኒ ላይ። ሁለቱን እያምታታሽ ከጻፍሽ ደብተርሽ በ5 ኪሎ ይዋሻል፤ የትኛውን እንደያዝሽ ጻፊ።

ጥያቄ (ጫጫ፣ ቅድም የጠየቀችው)፦ ሐሙስ ልመጣ ነው። ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሸራ ጫማ፣ ለስላሳ ሶል ያለው መሮጫ አይሁን፤ ያወዛውዛል። የውኃ ኮዳ። ያንን የወር ሙሉ 45 የሞከርሽበትን ደብተር፣ ከሌለሽ ባዶ ደብተር። 11 ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ 41 ኪሎ እንጭናለን።